ተራራውን ሰምተው ዝም ያሉ ሰዎች

አንድ አገር ነበረ፤ ዙሪያውን ተራራ የከበበው፣ ሰዉ በሥራው የታወቀ አገር። እዚያ አገር ሰው ሲሞት «ደግ ነበር» ወይም «ባለጸጋ ነበር» ተብሎ አይለቀስለትም፤ «ሥራ ጠርቶት ቀርቶ አያውቅም» ተብሎ ነው የሚለቀስለት። ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ አልነበራቸውም። አንዱ ቤት ሲሠራ መንደሩ ሁሉ ጭቃ ያቦካለታል፤ የአንዱ እህል ሜዳ ላይ እያለ ሌላው አውድማውን አይለቀልቅም። ታዲያ በዚያ አገር ሁለት ቃላት ከትልቅ ሰው አፍ አይወጡም ነበር። አንዱ «እምቢ» ነው፤ ሌላው «ፈራሁ» ነው። ሕፃን ፈራሁ ቢል ይታቀፋል። ጡት ከጣለ በኋላ ቢለው ይሳቅበታል። ጢም አብቅሎ ቢለው ግን ከሰው አይቆጠርም።

ዝናብ ተከታትሎ የቀረበት ዘመን መጣ። ከብቱ አለቀ፤ ጉድጓዱ ሁሉ ደረቀ። ከተራራው ማዶ ግን በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ወንዝ ነበር። የአገሩ ገዢ ሕዝቡን ሰብስቦ «ተራራውን ፈልፍለን ውሃውን እናመጣዋለን» አለ። ሕዝቡም እንደ ልማዱ በአንድ ድምፅ «እሺ!» አለ።

የፈልፋዮቹ አለቃ ሆኖ የተሾመው ዘለቀ የሚባል ሰው ነው። ዘለቀ ከወጣትነቱ ጀምሮ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነበር። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባል፤ ማታ ከሁሉም ኋላ ይወጣል። ሰዎቹም ስለዚህ ይወዱታል። ከሠራተኞቹ በዕድሜ የሚበልጡት አያ ደምሌ ናቸው፤ ለዘለቀ መዶሻ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አያ ደምሌ ሁልጊዜ የሚቆሙት የዋሻው ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም ፊት፣ ጠንካራው ድንጋይ ያለበት ቦታ ነው።

ዋሻው ወደ ተራራው ሆድ እየጠለቀ ሄደ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዘለቀ ከራሱ በላይ፣ ከድንጋዩ ውስጥ፣ አንድ ድምፅ ሰማ። የተኛ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከጣሪያው ደቃቅ አፈር አንገቱ ላይ ተበተነ። ዶማውን እንዳነሣ ቀረ። ዞር ብሎ ሲያይ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ለአፍታ ቆመዋል። ማንም የማንንም ዓይን አላየም። ከዚያ ሁሉም እንደ ተነጋገረ ሰው አንድ ላይ፣ ከበፊቱ አጥብቀው መምታት ጀመሩ።

«በርቱ!» አለ ዘለቀ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

አመሻሽ ላይ ቤቱ ገብቶ እራት ቀረበ። ሚስቱ አትጠገብ ጉርሻውን ወደ አፉ ሲያነሣ እጁን አየችው።

«እጅህ ምን ሆኗል?»

«ብርድ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ዋሻው ውስጥ ይበርዳል።»

አትጠገብ በማግስቱ ጠዋት መቀነቱን ራሷ አስታጠቀችው፤ ጫፉን ይዛ ትንሽ ቆየች። እሷም ብትሆን የዚያ አገር ልጅ ናት። «አትሂድ» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ድምፁ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተሰማ። ዘለቀ በሄደበት ሁሉ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ እንኳ ቀና ብሎ ማየት ጀመረ። አንድ ቀን ቆርጦ ተነሣና ለገዢው ሊናገር ሄደ። ከግቢው በር ደረሰ። ጠባቂው «ምን ፈልገህ ነው?» ሲለው ከኋላው የሚሳቅበት መሰለው። «ለድጋፍ የሚሆን ግንድ እንዲጨመርልን ነው» ብሎ ተመለሰ። ግንዱ ተላከ። ዘለቀም ግንዶቹን ከጣሪያው ሥር ሲያቆም ሠራተኞቹ አንድም ነገር ሳይጠይቁት ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት አቀበሉት። እነሱም እንደሚፈሩ ያን ቀን አወቀ። ይህን ማወቁ ግን አላጽናናውም፤ እንዲያውም ፍርሃቱን አበዛበት። የሚፈራው ተራራውን ብቻ አልነበረም። ዝምታቸውንም ፈራው።

በዚህ መካከል ፈንታ የሚባል እንግዳ ከሩቅ ቆላ መጥቶ ሥራ ጠየቀ። ፈንታ የመጣበት አገር ሌላ ጠባይ ነበረው። እዚያ ሰው ለሥራ ሲጠራ መጀመሪያ «ለምን? እስከ መቼ? ባልፈልግስ?» ይላል። «ነፍሴ የኔ ናት» ማለት እንደ ሰላምታ የተለመደ ነው። አባት ልጁን፣ ሹም ባላገሩን ያለ ፈቃዱ አያሠራውም። ይህን ምሳ ላይ ሲያጫውታቸው ሠራተኞቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት።

«እንዲህ ያለውን አገር ትተህ እኛ ዘንድ ምን ልታደርግ መጣህ?» አለው አንዱ።

«ጥም ነዋ» አለ ፈንታ። «ምንጫችን ደለል ሞላው። ጥረጉ ሲባል ሁላችንም መብታችንን አወቅን። አንዱ ቤቴ ሩቅ ነው አለ። ሌላው ውሃ ብዙም አልጠጣም አለ። እኔም የራሴን ምክንያት ተናገርኩ። ማንም አላስገደደንም። ምንጩም ደረቀ።»

ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አያ ደምሌ ግን አልሳቁም። «እኛ ጋ ምንጭ በስንፍና አይደርቅም» አሉ በኩራት፤ መዶሻቸውንም ይዘው ተነሡ።

ፈንታ እውነትም ሥራውን ወደደው። የእነሱን ዘፈን ተማረ። ሰው ከሰው ተጋግዞ ድንጋይ ሲያነሣ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ሳይጠየቅ ሲተካው ሲያይ ፊቱ ይበራ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ።

በዚያች ቀን ተራራው ረጅም አጉረመረመ። ከድጋፎቹ አንዱ ከላይ እስከ ታች ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሁሉም እንደ ለመዱት ለአፍታ ቆሙ፤ እንደ ለመዱትም ዶማቸውን አነሡ። ፈንታ ግን ዶማውን መሬት ላይ አኖረው።

«ይህ ተራራ ሊወድቅ ነው» አለ። «እኔ ፈርቻለሁ። እወጣለሁ።»

ቃሉ በግልጽ፣ በትልቅ ሰው አፍ፣ በሁሉም ፊት ተነገረ። ከጨለማው ውስጥ አንዱ «ፈሪ ለእናቱ!» ብሎ ጮኸ።

«እናቴ ብትሰማህ ትመርቅህ ነበር» አለ ፈንታና ወደ ብርሃኑ መራመድ ጀመረ።

ዘለቀ ሮጦ ዋሻው አፍ ላይ ደረሰበት። የአገሩ ሕግ የታወቀ ነው፤ ሥራ ረግጦ የወጣ ሰው ገዢው እስኪፈርድበት ድረስ ደጅ ላይ በግንድ ይታሰራል። የሚያስረውም አለቃው ነው።

«እባክህ ቃልህን መልስ» አለው ዘለቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሆዴን ቆረጠኝ በል። ዞረብኝ በል። ሕመም ይፈቀዳል።»

«አላመመኝም። ፈርቼ ነው። አንተስ አልሰማህም?»

ዘለቀ ዘወር ብሎ አየ። ሠራተኞቹ ከኋላው ተሰብስበው ቆመዋል። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። አንዲት ቃል ቢናገር ሁሉም ተከትለውት እንደሚወጡ ልቡ ነገረው። ቃሏን ከተናገረ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን ይባላል? ልጆቹስ የማን ልጅ ይባላሉ?

«ምንም አልሰማሁም» አለ። ፈንታንም በገዛ እጁ አሰረው። ቋጠሮውን ግን አላጠበቀውም፤ ከዚህ በላይ ደግነት በዚያ ሰዓት አልተገኘበትም። ሰዎቹም አንድ በአንድ ተመልሰው ገቡ።

ወሬው ደርሶት ገዢው በማግስቱ በበቅሎ መጣ። አባቱን ተክቶ የተቀመጠ፣ ዕድሜው ያልገፋ ሰው ነበር። ሠራተኞቹን ከዋሻው አስጠርቶ ደጁ ላይ አሰለፋቸው። የቅርቡ መጣ፤ የመካከሉ መጣ። ከዚያ ወደ እስረኛው ዞረ።

«በአገርህ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን ያደርጋል አሉ። እዚህ ግን አንዱ ደስ ያለውን ሲያደርግ ሌላው ይጠማል።»

«እውነት ነው ጌታዬ» አለ ፈንታ። «እኔም ያንን ጥም ሸሽቼ ነው የመጣሁት። ግን የሞተ ሰውም ውሃ አይጠጣም።»

ገዢው ፊቱ ጠቆረ። «ዘለቀ!» አለ። «አለቃው አንተ ነህ። ተራራው ሲጮኽ ሰምተሃል?»

ዘለቀ መሬት መሬት እያየ «አልሰማሁም ጌታዬ» አለ።

«ሰማችሁ? እንግዲያው ሁላችንም እንግባ፤ እኔ ከፊት እሄዳለሁ። ይህ ሰው ከግንዱ ተፈትቶ፣ እጁ እንደ ታሰረ አጠገቤ ይቁምና ተራራው የሚለውን ይንገረኝ።»

ገቡ። ችቦ የያዘው ቀድሞ፣ ገዢው ተከትሎ፣ ዘለቀና ፈንታ ጎን ለጎን፣ ሕዝቡም ከኋላ። መካከል ላይ፣ የተሰነጠቀው ድጋፍ ጋ ሲደርሱ ገዢው ቆመ። «ታዲያ የታለ?» ብሎ ሳይጨርስ ተራራው መለሰለት።

በዚህ ጊዜ ጥርስ ማፋጨት አልነበረም። ከእግራቸው ሥር የጀመረ፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ ረጅም ማቃሰት ነበር። የበሬ ራስ የሚያክል ድንጋይ ከጣሪያው ወርዶ ገዢው ፊት ተከሰከሰ። ማንም አልተነቃነቀም። በዚያ አገር ከጌታ ቀድሞ የሚወጣ የለም። ጌታ ደግሞ ሕዝብ ፊት ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ሁሉም ባሉበት ቆሙ፤ አፈሩም ዝናብ እንደሚጀምረው ጠብ ጠብ ይል ጀመር።

ዘለቀ በችቦው ብርሃን የገዢውን ፊት አየ። ከንፈሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ዓይኑ ወደ መውጫው ሄዶ ይመለሳል፤ ሄዶ ይመለሳል። ያን ጊዜ ዘለቀ ከዚያ በፊት አስቦት የማያውቀውን ነገር ተረዳ። ይህም ሰው መውጣት አይችልም። እዚህ ካሉት ሁሉ አንድም መውጣት የሚችል የለም፤ እጁ ከታሰረው በቀር። የዚህ ሁሉ ሰው ነፍስ አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥላለች። ቃሏም እሱ ትናንትና ዛሬ የካዳት ቃል ናት።

ገዢው እግር ላይ ወደቀ።

«ጌታዬ!» ብሎ ጮኸ። «ዋሽቻለሁ! ስሰማው ነው የከረምኩት። ፈራሁ! እኔ ዘለቀ ፈራሁ! በአባትዎ አጥንት፣ እርስዎ መርተው ያውጡኝ!»

ገዢው ለአፍታ አፈጠጠበት። ቀጥሎ ልክ ከገደል ጫፍ እጅ እንደ ተዘረጋለት ሰው ትንፋሹን ለቀቀ። «ተነሣ አንተ ፈሪ!» አለ፤ ድምፁ ግን አልጠነከረም። «እኔ ራሴ አወጣሃለሁ። ሁላችሁም ተከተሉኝ!» ብሎ ዞረ። መጀመሪያ ረገጥ ረገጥ እያለ ሄደ፤ ቀጥሎ ፈጠነ፤ ኋላ ሮጠ። ሁሉም ሮጠ። የመጨረሻው ሰው ፀሐይ እንደ ነካው ተራራው ተደረመሰ። ጩኸቱ ካበቃ በኋላም ምድሩ ቶሎ አልረጋም። ከዋሻው አፍ የወጣው አቧራ ቀኑን አጨለመው።

ሰዎቹ አቧራ ለብሰው እርስ በርስ ይዳበሱ ጀመር። አንዱ የወንድሙን ስም ይጠራል፤ ሌላው «አለሁ! አለሁ!» ይላል። ዘለቀም ፊት ለፊቱ ያገኘውን ሁሉ እየያዘ አየ። ከዚያ በድንገት ደሙ ቀዘቀዘ።

«አያ ደምሌስ?»

ገዢው ሠራተኞቹን ሲያስጠራ ጠሪው እስከ መካከሉ ሄዶ ነበር የተመለሰው። ከዋሻው ጫፍ የመዶሻ ድምፅ እየተሰማ፣ አያ ደምሌን ማንም አልጠራቸውም። ዘለቀም ጎድለው ሳለ አላስተዋለም፤ ልቡ በውሸቱ ተይዞ ነበር።

ዘለቀ ወደ ናዳው ሮጦ በእጁ መጫር ያዘ። ሌሎቹ ግን ደንዝዘው ቆሙ፤ ተራራው ገና ያጉረመርማል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው አጠገቡ ተንበርክኮ ድንጋይ ሲያነሣ ተሰማው። ፈንታ ነው። እስራቱ በሩጫው ተፈትቶ ገመዱ አንድ እጁ ላይ ይንጠለጠላል።

«አንተ ሂድ» አለው ዘለቀ። «አገርህ አይደለም። ማንም አያስገድድህም። ደግሞ ፈርተሃል።»

«አሁንም ፈርቻለሁ» አለ ፈንታ፤ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። «እኔ ግን እምቢ ማለት የምችል ሰው ነኝ። ስለዚህ እሺ ስልህ እመነኝ።»

ይህን የሰሙት ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ አንዱ መጣ፤ «እኔም ፈርቻለሁ» ብሎ ድንጋይ አነሣ። ሌላው «እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም፤ ከዚህ ሆኜ ልቀበል» አለ። ማንም አልሳቀበትም። ከዚያ ያ አገር የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። የደከመው ሳይጠየቅ ይተካል፤ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ሴቶች በቅርጫት አፈር ያወጣሉ፤ አትጠገብም ከመካከላቸው ነበረች። ተራራው ባጉረመረመ ቁጥር ዘለቀ «ውጡ!» ይላል፤ ሁሉም ይወጣል። ተራራው ዝም ሲል ይመለሳሉ። ይህን ያህል ሰው እንዲህ ሲሠራ ፈንታ በአገሩ አይቶ አያውቅም፤ እነሱም ሥራ ላይ ሆነው «ውጡ» የሚል ትእዛዝ ሰምተው አያውቁም ነበር።

በመጨረሻ ከድንጋዩ ጀርባ ደካማ ማንኳኳት ሰሙ። ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ተደጋግፈው በሠሩት ክፍተት ውስጥ አያ ደምሌ ተቀምጠዋል። በሕይወት አሉ። አንድ እግራቸው ግን ከጉልበት በታች ደቅቋል። ዘለቀ ተንፏቆ ደረሰና አቀፋቸው።

«አያ ደምሌ፣ አልሰሙም ነበር?» አለ እያለቀሰ። «ተራራው ሲጮኽ አልሰሙም?»

ሽማግሌው የገረማቸው መሰሉ። «ምነው አልሰማ ልጄ» አሉ። «ከሁላችሁ በፊት ነው የሰማሁት። መውጫውም ክፍት ነበር። ግን ማን ውጣ አለኝ?»

ዘለቀ ሽማግሌውን አዝሎ ወጣ። ያቺ ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላ ከተራራው ድምፅ በላይ ስታስፈራው ኖረች።

ገዢው ያኔ በበቅሎው ሄዷል። ቆይቶ በአደባባይ የተነገረው ወሬ፣ ገዢው በጀግንነቱ ሕዝቡን ከተራራ ሆድ መርቶ አወጣ የሚል ነው። ማንም አላስተባበለም፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ገዢውም ዘለቀን አልቀጣውም፤ ወደ ዋሻውም ተመልሶ አልመጣም። ሌላ ዋሻ በተራራው ጠንካራ ወገን ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት ዘለቀ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «የፈራ አለ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ማንም ካልመለሰ «እንግዲያው እኔ ልጀምር» ብሎ የፈራውን ነገር ይናገራል። ያን ጊዜ ሌሎቹም ይናገራሉ። ሥራው ዘገየ፤ ግን ውሃው መጣ፤ ዋሻ ውስጥ የቀረም ሰው የለም።

ፈንታ ከመጣው ውሃ ጠጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ምንጫቸውን እንዲጠርጉ ሊለምናቸው ነው የሄደው። ይስሙት አይስሙት ወሬው አልደረሰንም።

ልብ ያለው ልብ ይበል። ሁሉም መብቱን ብቻ የሚቆጥርበት አገር ውሃ ያጣል፤ ማንም እምቢ የማይልበት አገር ደግሞ ሰው ያጣል። እምቢ ማለት የማይችል ሰው የሚለው እሺ ትጋት ይመስላል እንጂ ድምፅ ያጣ ፍርሃት ነው። ከሁለቱም የሚከፋው ደግሞ ሁሉም የሰማውን አደጋ ሁሉም እንዳልሰማ መሆኑ ነው፤ ተራራ የሚወድቀው በድንገት አይደለምና።

አንተስ ወዳጄ፣ አንቺስ እህቴ፣ በቤታችሁም ሆነ በሥራ ቦታችሁ የምታዟቸው ሰዎች አሉ? ከእነሱ መካከል ተራራውን ሰምቶ፣ መውጫው ክፍት ሆኖለት ሳለ፣ እናንተ እስክትናገሩ የተቀመጠ ይኖር ይሆን?